በብር ወንዝ ዳር አንድ ሌሊት፦ የድንኳን፣ የጉልቻና የደራሽ ጎርፍ ፊዚክስ

«ከተማ» የሚለው ቃል «ከተመ» ከሚለው ግሥ የተገኘ ነው፤ ከተመ ማለትም ጉዞውን ገትቶ ሰፈረ፣ ድንኳን ተክሎ ዐረፈ ማለት ነው። «ሠፈር» የምንለውም ከዚሁ ከመስፈር የመጣ ነው። ደጃዝማች፣ ቀኛዝማችና ግራዝማች የተባሉት የማዕረግ ስሞቻችን ጭምር በደጅ፣ በቀኝና በግራ የሚሰለፈውን ጦር አዛዥ የሚያመለክቱ ነበሩ። በ1520 እ.ኤ.አ. ወደ አገራችን የገባው ፖርቱጋላዊው ቄስ ፍራንሲስኮ አልቫሬዝ የዐፄ ልብነ ድንግልን ቤተ መንግሥት ያገኘው በድንኳን ውስጥ ነው። እስከ ዛሬም በየዓመቱ የከተራ ዕለት ታቦታት ወደ ወንዝ ወርደው በድንኳን ያድራሉ፤ ምእመናኑም አብረው ያድራሉ። «ከተራ» የሚለው ስም ራሱ ውሃውን ከመከተር፣ ማለትም ከመገደብ የመጣ ነው።

እንግዲህ ውድ አንባብያን፣ በወንዝ ዳር ድንኳን ተክሎ ማደር ብዙዎቻችን እንደምናስበው ከውጭ የመጣ መዝናኛ ሳይሆን የቆየ ልማዳችን ነው። ይሁን እንጂ በዚያች አንዲት ሌሊት ውስጥ በክፍል ውስጥ የምናስተምረው ፊዚክስ ምን ያህል እንደሚገኝ፣ ይህንኑ ፊዚክስ አለማስተዋልም ምን ያህል ዋጋ ሊያስከፍል እንደሚችል አዘውትረን አናስብም። የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ይህንኑ ለማሳየት ነው።

ጸሐፊው ለዶክትሬት ትምህርት በውጭ አገር በቆየበት ዘመን ከጓደኞቹ ጋር አነስተኛ በሆኑ የወንዝ ዳር መስፈሪያዎች ብዙ ጊዜ አድሯል። መስፈሪያዎቹ ከአንድ የእንጨት ጠረጴዛ፣ በድንጋይ ከተከበበ የእሳት ቦታና ከአንድ መጸዳጃ ቤት በቀር ምንም አልነበራቸውም። በአንደኛው ግን አንድ ምልክት ቆሞ ነበር፤ «ከዚህ መሥመር በታች ድንኳን አይተከልም» ይላል። ያን ጊዜ ምክንያቱን አልጠየቅሁም። ምክንያቱን የተማርኩት ከዓመታት በኋላ ጅጋ አጠገብ፣ በብር ወንዝ ዳር፣ ፊደል ካልቆጠሩ አንድ አረጋዊ ገበሬ ነው።

ሜዳውን ማን ደለደለው?

ጅጋ ከአዲስ አበባ በደብረ ማርቆስ በኩል ወደ ባሕር ዳር በሚወስደው አውራ ጎዳና ላይ፣ በደምበጫና በፍኖተ ሰላም መካከል የምትገኝ ከተማ ናት። ከፍታዋ ከባሕር ወለል በላይ 1,800 ሜትር ገደማ ነው። በአቅራቢያዋ የሚያልፈው የብር ወንዝ ከስተ ሰሜን ካለው ደጋ ተነሥቶ፣ ቁልቁል ወርዶ፣ ተምጫን ተቀብሎ ወደ ዓባይ ይገባል። ወንዙ ጅጋ አካባቢ እስከሚደርስ ድረስ የሚሰበስበው ውሃ አንድ ሺህ ካሬ ኪሎ ሜትር ከሚጠጋ መሬት ላይ የሚወርደውን ነው። ይህን ቁጥር አንባቢ እንዲይዝልኝ እጠይቃለሁ፤ ኋላ እንመለስበታለን።

በግንቦት ወር 2001 ዓ.ም. ከአምስት ተማሪዎች ጋር ሆነን ለአንድ ሌሊት ወደዚያ ወረድን። ዕቅዳችን ቀላል ነበር፤ በሸለቆው ውስጥ ሌሊት የአየሩ ሙቀት ከከፍታ ጋር እንዴት እንደሚለዋወጥ በቴርሞሜትር መለካት። ወንዙ ያን ቀን ከጉልበት አያልፍም፤ ውሃውም ጥርት ያለ ነበር። ከወንዙ ጥቂት እርምጃ ርቆ ንጹሕ አሸዋ የተነጠፈበት፣ እንደ አልጋ የተስተካከለ ሜዳ አገኘን። ድንኳኖቻችንን ያለ አንዳች ማመንታት እዚያው ተከልን።

ከብቶቹን ወደ ቤት የሚነዱት አረጋዊ ሲያልፉ ቆም ብለው ተመለከቱን። ሰላምታ ከተለዋወጥን በኋላ፣

«ልጄ፣ እዚህ ልታድሩ ነው?» አሉኝ።

«አዎ አባቴ፣ ቦታው የተመቸ ሜዳ ሆኖ አገኘነው» አልኳቸው።

«ሜዳውን ማን የደለደለው ይመስልሃል?» አሉና በዱላቸው ወደ አንድ የሾላ ዛፍ አመለከቱ። ከሰው ቁመት በላይ በሆነ ቅርንጫፍ ላይ ደረቅ ሣርና ጭራሮ ተጠምጥሞ ይታያል። የወፍ ጎጆ መስሎን ነበር። ያለፈው ክረምት ሙላት ትቶት የሄደው ምልክት ነው።

አረጋዊው በአንዲት ጥያቄ የተናገሩት ነገር በፊዚክስ ቋንቋ ሲገለጽ እንዲህ ነው። ወራጅ ውሃ በአንድ ድንጋይ ላይ የሚያሳርፈው ኃይል በፍጥነቱ ካሬና ድንጋዩ ለውሃው በሚያጋልጠው ስፋት ይወሰናል። የድንጋዩ ክብደት ግን የሚያድገው በጎኑ ርዝመት ኩብ ነው። ሁለቱን ብናመዛዝን ውሃ ሊያንቀሳቅሰው የሚችለው የድንጋይ ክብደት በፍጥነቱ ስድስተኛ ርቢ እንደሚያድግ እናገኛለን። የውሃው ፍጥነት እጥፍ ሲሆን የሚያንከባልለው ድንጋይ ክብደት እስከ 64 እጥፍ ይደርሳል ማለት ነው። ስለዚህ በወንዝ ዳር የምናየው ድንጋይ ሁሉ የፍጥነት መዝገብ ነው። የዳቦ ያህል ድንጋይ የተበተነበት ቦታ ኃይለኛ ውሃ ያለፈበት ነው፤ አሸዋ የተነጠፈበት ደግሞ የሙላቱ ውሃ ተንጣልሎ ፍጥነቱ ሲቀንስ ሸክሙን ያወረደበት ነው። የወደድነው ሜዳ የወንዙ የራሱ መኝታ ነበር።

ድንኳኖቻችንን ነቅለን ሰባት ስምንት ሜትር ያህል ከፍ ወዳለ ተዳፋት ወጣን። እውነቱን ለመናገር ግን የወጣሁት በማመን ሳይሆን ሽማግሌ ላለማሳዘን ነው።

ሦስት ጉልቻ

ከላይ ወጥተን እሳት ለማንደድ ስንዘጋጅ ከተማሪዎቹ አንዱ ከወንዙ ውስጥ ሦስት ድቡልቡል ድንጋዮች ይዞ መጣ። ጉልቻ ለምን ሦስት ሆነ? ሦስት ነጥቦች ምንጊዜም በአንድ ጠፍጣፋ ገጽ ላይ ይውላሉ፤ ስለዚህ በሦስት ድንጋይ ላይ የተጣደ ድስት መሬቱ ወጣ ገባ ቢሆንም አይወዛወዝም። አራተኛ ድንጋይ ቢጨመር አንዱ አጥሮ ድስቱ ይንገዳገድ ነበር። እናቶቻችን ይህን የጂኦሜትሪ እውነት በየዕለቱ ይጠቀሙበታል።

«ጉልቻ ቢለዋወጥ ወጥ አያጣፍጥም» ይባላል። የወንዝ ድንጋይን በሚመለከት ግን ጉልቻ መለዋወጥ ዓይን ያድናል። ለረጅም ጊዜ በውሃ ውስጥ የኖረ ድንጋይ በስንጥቆቹና በቀዳዳዎቹ ውኃ ይዟል። ውሃ በተለመደው የአየር ግፊት ወደ እንፋሎት ሲለወጥ ይዘቱ ከ1,600 እጥፍ በላይ ያድጋል። መውጫ ያጣ እንፋሎት ግፊቱ እየጨመረ ሄዶ ድንጋዩን እንደ ጥይት ሊያፈናጥረው ይችላል። በመሆኑም ጉልቻ ከደረቅ መሬት፣ ከወንዙ ራቅ ካለ ቦታ መመረጥ አለበት።

ድስቱ ሲፈላ ቴርሞሜትራችንን አስገባን፤ 94 ዲግሪ ሴንቲግሬድ አሳየ። ውሃ በ100 ዲግሪ ይፈላል ብሎ የተማረው ተማሪ ተገረመ። 100 ዲግሪ የሚሆነው ግን በባሕር ወለል ላይ ነው። ወደ ላይ በወጣን ቁጥር የአየር ግፊት ስለሚቀንስ ውሃው በየ300 ሜትሩ በአንድ ዲግሪ ገደማ ቀድሞ ይፈላል። 1,800ን ለ300 ብናካፍል 6 እናገኛለን። በደጋ ሽምብራና ባቄላ ሳይበስል የሚቆየው በዚህ ምክንያት ነው፤ የሚፈላ ውሃ ምንም ያህል እሳት ቢጨመርበት ከመፍያ ነጥቡ አያልፍምና።

የወንዝ ውሃ ጥርት ስላለ ብቻ አይጠጣም። ጀርሞቹን ለመግደል 94 ዲግሪ በቂ ነው፤ በደጋማ ቦታ ግን ውሃው ከተንተከተከ በኋላ ሦስት ደቂቃ ያህል ማቆየት ይመከራል። ዝግ ብሎ በሚሄድ ወይም በቆመ ውሃ ውስጥ መዋኘትም ቢልሃርዚያን ሊያስከትል ይችላል፤ የበሽታው ትል በቀንድ አውጣ አድጎ ቆዳን በስቶ ይገባልና።

መብረቁ ሩቅ ነው፤ ወንዙስ?

ከምሽቱ ሁለት ሰዓት ገደማ ሰማዩ ከራሳችን በላይ ጥርት ብሎ ኮከብ ሞልቶበት ሳለ በስተ ሰሜን ከደጋው አናት ላይ ብልጭታ ይታይ ጀመር። ነጎድጓድ ግን አይሰማም። ለተማሪዎቹ የተለመደውን ትምህርት ሰጠሁ። ብርሃን ወዲያው ይደርሰናል፤ ድምፅ ግን በሴኮንድ 340 ሜትር ያህል ብቻ ስለሚጓዝ አንድ ኪሎ ሜትር ለመሄድ ሦስት ሴኮንድ ይፈጅበታል። በብልጭታውና በነጎድጓዱ መካከል ያለውን ሴኮንድ ለሦስት ማካፈል ርቀቱን ይነግረናል። ከ20 ኪሎ ሜትር በላይ የራቀ ነጎድጓድ ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ ጨርሶ አይሰማም። «ስለዚህ ዝናቡ በጣም ሩቅ ነው፤ እኛን አያገኘንም» ብዬ ደመደምኩ።

አረጋዊው ከብቶቻቸውን አስገብተው ሊጠይቁን ተመልሰው መጥተው ነበር። ጥቂት ዝም ካሉ በኋላ፣ «ዝናቡስ ሩቅ ነው ልጄ፤ ወንዙ ግን አጠገብህ ነው» አሉ።

ከሌሊቱ ስድስት ሰዓት ሲጠጋ የወንዙ ድምፅ ተለወጠ። ቀጭን የነበረው ፉጨት ወፍራም ጉርምርምታ ሆነ። በባትሪ ብርሃን ስናይ ጥርት ያለው ውሃ ደፍርሶ ቅጠልና ጭራሮ ያንሳፍፋል። ከዚያ በኋላ ሃያ ደቂቃ እንኳ አልሞላም። ምሽት ላይ ድንኳን የተከልንበት አሸዋ ከውሃ በታች ነበር። በእኛ ላይ ግን አንዲት ጠብታ ዝናብ አልወረደችም።

ያን ሌሊት ያልሠራሁትን ስሌት በማግስቱ ከተማሪዎቹ ጋር ሠራነው። ዝናቡ የዘነበው ከአንዱ ሺህ ካሬ ኪሎ ሜትር ውስጥ በ100ው ላይ ብቻ ነው እንበል። መጠኑ 30 ሚሊ ሜትር ቢሆንና ግማሹ መሬት ውስጥ ቢሰርግ፣ ወደ ወንዙ የሚገባው ውሃ 1.5 ሚሊዮን ሜትር ኩብ ይሆናል። ይህ በሦስት ሰዓት ውስጥ የሚያልፍ ከሆነ በየሴኮንዱ 140 ሜትር ኩብ ገደማ፣ ማለትም 700 በርሜል ያህል ውሃ በፊታችን ያልፋል።

ጊዜውስ? የሙላት ሞገድ ከውሃው ከራሱ ይፈጥናል፤ በሰፊ ወንዝ ላይ የሞገዱ ፍጥነት የውሃው ፍጥነት አምስት ሦስተኛ ያህል ነው። ውሃው በሴኮንድ 1.8 ሜትር ቢሄድ ሞገዱ በ3 ሜትር ይመጣል። ዝናቡ የወረደበት ቦታ በወንዙ መንገድ 30 ኪሎ ሜትር ቢርቅ ሞገዱ እኛ ዘንድ ለመድረስ 10,000 ሴኮንድ፣ ማለትም ሁለት ሰዓት ከአርባ ሰባት ደቂቃ ይወስድበታል። ውሃው ከየተዳፋቱ እስኪሰበሰብ አንድ ሰዓት ያህል ብንጨምርበት ካየነው ጊዜ ጋር ይቀራረባል። መረጃው ሁሉ ከፊቴ ነበር፤ እኔ ግን የመብረቁን ርቀት አስልቼ የወንዙን ሳላሰላ ቀረሁ።

«ትንሽ ውሃ ነው፤ እንሻገረው» ማለትም ሌላው የተለመደ ስሕተት ነው። ውሃው እስከ ጭን ቢደርስ እግሮቻችን የሚያጋልጡት ስፋት 0.2 ካሬ ሜትር ገደማ ነው። በሴኮንድ 1 ሜትር የሚሄድ ውሃ 100 ኒውተን ያህል ይገፋናል፤ 2 ሜትር ሲሆን ግን ግፊቱ አራት እጥፍ፣ 400 ኒውተን ይሆናል። ይህም 40 ኪሎ ግራም የሚመዝን ዕቃ ከጎን እንደተጫነን ነው። ከእግራችን በታች ያለው ድንጋይ ደግሞ የሚያሟልጭ ነው። «ውሃ እያሳሳቀ ይወስዳል» የሚባለው ያለ ምክንያት አይደለም። በሐምሌ 1998 ዓ.ም. መጨረሻ ድሬዳዋን የመታው የደቻቱ ወንዝ ሌሊት ደርሶ ከ200 በላይ ሰዎችን ሕይወት ቀጥፏል፤ አብዛኛውን የዓመቱን ጊዜ ያ ወንዝ ደረቅ አሸዋ ነው።

ብርዱ ከየት ይመጣል?

ውሃው ጎደል ሲል ተማሪዎቹ ሊተኙ ገቡ፤ ብርዱ ግን አላስተኛም። ማንኛውም አካል በማይታይ ታኅተ ቀይ ጨረር ሙቀቱን ይለቃል። 15 ዲግሪ የሆነ መሬት ከአንድ ካሬ ሜትር 390 ዋት ገደማ ይለቃል። ሰማዩ ጥርት ሲል ከዚህ የሚመልሰው ጥቂቱን በመቀነስ ነውና መሬቱ በየካሬ ሜትሩ እስከ 100 ዋት ሊከስር ይችላል። ደመና ወይም የዛፍ ጥላ ሲኖር አብዛኛው ስለሚመለስ ሌሊቱ ይሞቃል።

መሬት የነካው አየርም ይቀዘቅዛል። በ10 ዲግሪ የቀዘቀዘ አየር እፍግታው 3.5 በመቶ ያህል ስለሚጨምር እንደ ውሃ ቁልቁል እየፈሰሰ በሸለቆው ወለል ይጠራቀማል። ቴርሞሜትሮቻችን ሲነበቡ በወንዙ አጠገብ ያለው ከላይኛው 3 ዲግሪ ዝቅ ብሎ ተገኘ። ገበሬው ውርጭ ቆላማውን ማሳ ቀድሞ እንደሚመታ የሚያውቀው በዚህ ነው። ስለዚህ ከፍ ብሎ መስፈር ከጎርፍም ከብርድም ያድናል።

ሞቃት አየር ከላይ፣ ቀዝቃዛ ከታች መሆኑ ሌላም ውጤት አለው። ድምፅ በሞቃት አየር ውስጥ ስለሚፈጥን ወደ ላይ የወጣው ሞገድ ታጥፎ ወደ መሬት ይመለሳል። ቀን ያልተሰማው የሩቅ ቤተ ክርስቲያን ከበሮ ሌሊት ከአጠገባችን የሚመታ የሚመስለው በዚህ ምክንያት ነው።

የተኛ ሰው አካል 80 ዋት ያህል ሙቀት ያመነጫል። ይህን ከሚዘርፉን ዋነኛው ከሥር ያለው መሬት ነው። እርጥብ አፈር ሙቀትን ከአየር በ40 እጥፍ ይበልጥ ያስተላልፋል። ሁለት ጋቢ ደርቦ በባዶ መሬት ከመተኛት አንዱን ለብሶ ከሥር ገለባ ወይም አጎዛ ማንጠፍ ይሻላል። የጋቢና የአጎዛ ምስጢር በክሩና በጠጉሩ መካከል የታሰረው አየር ነው። ጋቢ ሲረጥብ የአየሩን ቦታ ውሃ ይይዘዋል፤ ውሃ ደግሞ ሙቀትን ከአየር 24 ጊዜ ያህል ይበልጥ ያስተላልፋል።

አንዱ ተማሪ ፍሙን በጣሳ አድርገን ድንኳን ውስጥ እናስገባ የሚል ሐሳብ አቀረበ። ይህ ፈጽሞ የማይደረግ ነው። ከሰል ሲጤስ የሚወጣው ካርቦን ሞኖክሳይድ ቀለምም ሽታም የለውም፤ ከደማችን ሄሞግሎቢን ጋር ከኦክስጅን ከ200 ጊዜ በላይ አጥብቆ ይጣበቃል። የተመረዘው ሰው ራሱን ሊያመው፣ ሊያዞረውና እንቅልፍ እንቅልፍ ሊለው ይችላል፤ ከእንቅልፉም ላይነቃ ይችላል።

አጎበሩን አትርሱ

1,800 ሜትር ደጋ ስለሚመስል ወባ የለም ብሎ መገመት ስሕተት ነው። በ1958 እ.ኤ.አ. በኢትዮጵያ በተነሣው ታላቅ የወባ ወረርሽኝ 3 ሚሊዮን ያህል ሰዎች ታምመው 150,000 የሚሆኑት እንደሞቱ ይገመታል። ይህ ወረርሽኝ ክፉኛ የመታው በ1,600 እና በ2,150 ሜትር መካከል ያሉትን፣ ሕዝባቸው በሽታውን ያልለመደባቸውን ቦታዎች ነበር። ጅጋና ፍኖተ ሰላም በዚህ ክልል ውስጥ ናቸው። ወባ ያለፈ ታሪክም አይደለም፤ በ2024 እ.ኤ.አ. በአገራችን ከ7 ሚሊዮን በላይ ሰዎች በወባ መያዛቸው ተመዝግቧል። ውኃው የጎደለ ወንዝ በየዳሩ የሚተዋቸው ትናንሽ ኩሬዎች ለትንኟ መራቢያ ይመቻሉ። ስለዚህ በድንኳንም ውስጥ ቢሆን በመድኃኒት የተነከረ አጎበር ያስፈልጋል።

ለተማሪዎች

ወንዝ ዳር ለማደር የምታስቡ ሁሉ ከመሄዳችሁ በፊት የአካባቢውን ሰላምና የወንዙን ጠባይ ከአገሬው ሰው ጠይቁ። ስትደርሱ ከዛፉ ላይ የተንጠለጠለውን ጭራሮ ፈልጉና ከእርሱ በላይ ስፈሩ። ውሃ ሲደፈርስ፣ ድምፁ ሲወፍር፣ ቅጠል ሲያንሳፍፍ ዕቃ ሳትሰበስቡ ሽቅብ ውጡ። እግረ መንገዳችሁንም ለኩ፤ የብርቱካን ልጣጭ ጥላችሁ አሥር ሜትር ለመሄድ ስንት ሴኮንድ እንደሚፈጅበት ቁጠሩ፤ የፈላውን ውሃ ሙቀት አንብባችሁ ያላችሁበትን ከፍታ አስሉ፤ በወንዙ አጠገብና ከላይ ያለውን ሙቀት አነጻጽሩ። ለዚህ ሁሉ ከአንድ ቴርሞሜትርና ከአንድ ሰዓት በላይ መሣሪያ አያስፈልግም።

ጠዋት ስንለያይ አረጋዊውን አመሰገንኳቸው፤ በዩኒቨርሲቲ አስተማሪ መሆኔንም ነገርኳቸው። «ታዲያ ለልጆቹ የወንዙንም ንገራቸው» አሉኝ። ይህ ጽሑፍ ያንን አደራ ለመወጣት የቀረበ ነው።